እጀታዋ ካልዞረች ፎቶ የለም፦ ፊልም ሳይቃጠል ካሜራ ውስጥ እንዴት ይገባል?

የመጀመሪያ ፊልሜን ያነሳሁት ለጥምቀት፣ ጃንሜዳ ነው። ካሜራው የአባቴ ነበር፤ ፔንታክስ ኬ1000። ታቦታቱ ሲመጡ አነሳሁ። ጥላዎቹ ፀሐይ ላይ ሲያብረቀርቁ አነሳሁ። ውሃው ሲረጭ፣ የሰፈር ልጆች ሲጨፍሩ፣ አንዱም አላመለጠኝም። ፊልሙ ባለ 36 ነበር። 36 ደረስኩ፤ ማንሻው ግን አሁንም ይሳባል። «ይሄ ፊልም ቸር ነው» አልኩት ጓደኛዬን። አራት አምስት ጨመርኩበት።

ማታ ፊልሙን ልመልስ ብዬ እጀታዋን ሳዞር ሁለት ዙር ሳትሞላ ቀለለች። ያኔ ነው ልቤ ቀጥ ያለው። 36 ፎቶ የተነሳበት ፊልም እንዲህ ቶሎ አይመለስም፤ ብዙ ዙር ይፈልጋል። ለካ ፊልሙ ጠዋት ከዘንጉ ወልቆ ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ ባዶ ካሜራ ሳስጮህ ነው የዋልኩት። አባቴ አልተቆጣም። ከካሜራው በግራ በኩል፣ ከላይ ያለችውን ትንሽ እጀታ በጣቱ መታ መታ አደረገና «ይቺ ስትዞር አይተሃታል?» አለኝ።

አላየሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊልም አበላሽቻለሁ። የሰው ሲበላሽም አይቻለሁ። አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው ፎቶ ስናነሳ አይደለም። ፊልሙን በምናስገባባት አንድ ደቂቃና በምናወጣባት አንድ ደቂቃ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ ብርሃን አለካክ፣ ስለ ሌንስ ምርጫ አላወራም። የማወራው ስለ እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ነው።

መጀመሪያ ስሞቹን እንስማማ

ፊልም ማለት ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ ኬሚካል የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። አንዴ ብርሃን ከነካው ተመልሶ አይድንም። «ተቃጠለ» የምንለው ለዚህ ነው። በብዛት የምናገኘው ባለ 35 ሚሊሜትሩ ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1934 ፋብሪካ ላይ ተሞልቶ በሚሸጥ ትንሽ ቀፎ አወጣው። ጥቅሙ ጨለማ ክፍል ሳያስፈልግ በቀን ብርሃን ማስገባት መቻሉ ነው። የቀፎው አፍ ላይ ጥቁር ከፋይ ጨርቅ አለ። ፊልሙን ያሳልፋል፣ ብርሃንን ይከለክላል።

ከቀፎው ወጥታ የምትታየው ጠበብ ያለች ጫፍ ምላስ ትባልልኝ። በካሜራው ቀኝ በኩል ፊልሙን እየጠቀለለ የሚቀበለው ዘንግ ነው። በአውራ ጣት የምንስበው ማንሻ ነው። በግራ በኩል ከላይ ያለችው ደግሞ እጀታ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ቀፎው የምንመልስባት። የጽሑፉ ባለቤት እሷ ናት።

ጀርባውን ከመክፈታችሁ በፊት

አሮጌ ካሜራ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያምራችሁ መክፈት ነው። ቆዩ። ከአጎት ወይም ከአያት የተረፈ ካሜራ ውስጥ ያልታጠበ ፊልም ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የማን ሰርግ እንዳለበት ማን ያውቃል?

መፈተሻው ቀላል ነው። እጀታዋን ዘርጉና በላይዋ ያለው ቀስት ወደሚያሳየው አቅጣጫ በቀስታ አዙሩ። ያለ ምንም መያዝ ዝም ብላ የምትሽከረከር ከሆነ ባዶ ነው፤ ወይም ፊልሙ ተመልሶ ቀፎው ውስጥ ገብቷል። ሁለቱም ቢሆን መክፈት አይጎዳም። ትንሽ ዞራ የምትይዝ ከሆነ ግን ፊልም ተዘርግቷል ማለት ነው። እዚያው አቁሙ። አትታገሉ፣ አትክፈቱ። አዳዲሶቹ አውቶማቲክ ካሜራዎች ጀርባቸው ላይ ቀፎውን የምታሳይ ትንሽ መስኮት አላቸው፤ በእሷ አጮልቃችሁ እዩ።

ባዶ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ክፈቱና ውስጡን ተመልከቱ። መሀል ላይ ያለው መጋረጃ ሻተር ይባላል። ከስስ ጨርቅ ወይም ከስስ ብረት ነው የሚሠራው። በጣት አይነካም። አቧራ ካለ በአፋችሁ እፍ አትበሉ፤ ምራቅ ይረጫል። እኔ የምጠቀመው ፋርማሲ የሚሸጠውን የሕፃናት አፍንጫ መምጠጫ ጎማ ነው። ተጫን ለቀቅ፣ ተጫን ለቀቅ። አቧራውን ያበረዋል፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

የክዳኑ ጠርዝ ላይ ያለውን ጥቁር ስፖንጅም አትለፉት። ብርሃን እንዳይሾልክ የሚጠብቀው እሱ ነው። በአሮጌ ካሜራ ላይ ይሞታል፤ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል ወይም እንደ አፈር ይረግፋል። ከሞተ ፎቶዎቻችሁ ጠርዝ ላይ ብርቱካናማ ጭረት ይመጣል። አሮጌውን በእንጨት ስንጥር ፍቃችሁ በስስ ጥቁር ስፖንጅ ወይም በጥቁር የሱፍ ክር መተካት ይቻላል። ፍርፋሪው ሻተሩ ላይ እንዳይወድቅ ብቻ ተጠንቀቁ።

ማስገባት

ጥላ ፈልጉ። ቀፎው በቀን ብርሃን ይገባል ማለት በጠራራ ፀሐይ ይገባል ማለት አይደለም። ኃይለኛ ብርሃን በከፋይ ጨርቁ በኩል ሾልኮ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ሊያጠቃ ይችላል። ጥላ ከሌለ ለፀሐይ ጀርባ ስጡና በራሳችሁ ጥላ ሥሩ።

1. እጀታዋን ወደ ላይ ሳቡ። በብዙ ካሜራዎች ጀርባው የሚከፈተው በዚሁ ነው። በጎን በኩል መክፈቻ ያላቸውም አሉ።

2. ቀፎውን በግራ በኩል ባለው ጎድጓዳ ቦታ አስቀምጡ። ከቀፎው ጫፍ አንዱ ወጣ ያለ ነው፤ እሱ ወደ ታች ይሁን። ከዚያ እጀታዋን መልሱና ወደ ታች ጫኑ። እንቢ ካለች በኃይል አትጫኑ። ግራና ቀኝ ትንሽ ወዝወዝ ስታደርጓት ጥርሷ ቦታውን አግኝቶ ቁጭ ይላል።

3. ምላሷን ወደ ቀኝ ሳቡና ዘንጉ ላይ ያለው ስንጥቅ ውስጥ ክተቱ። ከሚያስፈልገው በላይ አትሳቡ፤ በሳባችሁ ቁጥር ፎቶ እየጣላችሁ ነው። የፊልሙ የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ እናንተ ነው የሚሆነው፤ ደብዛዛው ወደ ሌንሱ። አዲስ ፊልም በዚህ አያሳስታችሁም፤ ቀፎውን በትክክል ካስቀመጣችሁት ሌላ መንገድ የለውም።

4. አሁን የኔ ጃንሜዳ የቀረባት ቦታ ደረስን። ጀርባው ክፍት እንደሆነ ማንሻውን በቀስታ ሳቡ። ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ምላሷ ዘንጉ ላይ ተጠቅልላ መያዟን። ሁለተኛ፣ በፊልሙ ጠርዝ ያሉት የላይኛውም የታችኛውም ቀዳዳዎች ከዘንጉ አጠገብ ባሉት ጥርሶች ላይ መቀመጣቸውን። ምላሷ የምትጠበው በአንድ በኩል ስለሆነ መጀመሪያ አንዱ ጎን ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለቱም እስኪይዙ ጠብቁ። አስፈላጊ ከሆነ አንድ ጊዜ ከካሜራው ላይ ያለውን ፎቶ የሚያነሳውን ቁልፍ ተጫኑና ድጋሚ ሳቡ። የሚባክነው አንድ ፎቶ ነው። እኔ ሠላሳ ስድስት ነው ያባከንኩት።

5. ክዳኑን ዝጉ። ቀጭ ሲል ስሙ።

6. እጀታዋን ዘርግታችሁ ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ በጣም በቀስታ አዙሩ። ትንሽ ሄዳ ትይዛለች። ይህ በቀፎው ውስጥ የላላውን ፊልም ማጥበቅ ነው። እንደያዘች ተዉአት፤ መታገል ፊልሙን ከዘንጉ ያስነቅላል።

7. ማንሻውን ሳቡ፣ ፎቶ የሚያነሳውን ቁልፍ ተጫኑ፤ እንደገና ሳቡ። ዓይናችሁ ግን ማንሻው ላይ አይሁን፤ እጀታዋ ላይ ይሁን። ማንሻውን በሳባችሁ ቁጥር እሷ በተቃራኒው አቅጣጫ መዞር አለባት። ከዞረች ፊልሙ እየሄደ ነው። ካልዞረች ፊልም የለም፤ ክፈቱና ከሦስተኛው ጀምሩ። ገና ምንም አላነሳችሁም፣ ምንም አልጠፋም።

ቆጣሪውን አትመኑት። ማንሻውን ስትስቡ እሱ ይቆጥራል፤ ውስጥ ፊልም ይኑር አይኑር ግድ የለውም። እኔን የሸወደኝ እሱ ነው።

8. የፊልሙን ፍጥነት፣ ማለትም ለብርሃን ምን ያህል ስስ እንደሆነ የሚነግረውን ቁጥር ሙሉ። ሳጥኑ ላይ 100፣ 200፣ 400 እያለ የተጻፈው ቁጥር ነው። በኬ1000 ዓይነት ካሜራ ላይ በእጅ ይሞላል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የወጡት አውቶማቲኮች ግን ቀፎው ላይ ያሉትን ጥቁርና ብርማ አራት ማዕዘኖች ራሳቸው ያነባሉ። የሳጥኑን ክዳን ቀዳችሁ ካሜራው ጀርባ ላይ ባለው ኪስ ክተቱት። ኪስ ከሌለው በፕላስተር ለጥፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውስጥ ምን ፊልም እንዳለ ትረሳላችሁ። አልረሳም ያለ ሁሉ ይረሳል።

አንድ ምክር ልጨምር። ጊዜው ያለፈበት ርካሽ ፊልም ፈልጉና መስዋዕት አድርጉት። ሶፋ ላይ ቁጭ ብላችሁ ክፈቱ፣ አስገቡ፣ አውጡ። አሥር ጊዜ። ቴሌቪዥን እያያችሁ ማስገባት ስትችሉ ያኔ እውነተኛውን ፊልም አምጡ።

ራሱ የሚያስገባ አውቶማቲክ ካሜራ ከሆነ ሥራው ትንሽ ነው። ምላሷን እስከ ቀዩ ምልክት ድረስ ብቻ ዘርጉ። ፊልሙ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ጎብጦ አይቆይ። ዝጉ። ሞተሩ ይስባል። ቆጣሪው 1 ካላለ ወይም ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ካለ አልያዘም፤ ክፈቱና ድገሙ። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ፊልሙን ሙሉ በሙሉ ስበው ያወጡና እያነሳችሁ ወደ ቀፎው ይመልሱታል። ቁጥሩ ወደ ታች ሲቆጥር ካያችሁ አትደንግጡ፤ ተንኮለኛ ሳይሆን ብልህ ካሜራ ነው። ክዳኑ በስህተት ቢከፈት የተነሳው ፎቶ ቀፎው ውስጥ ስላለ ይተርፋል።

ሲያልቅ

ማንሻው በመሀል ቀጥ ይላል። ባለ 36 ከሆነ 36፣ 37፣ አንዳንዴ 38 ላይ። እዚህ ላይ ጉልበት አያሻም። «አንድ ብቻ ልጨምር» ብሎ በኃይል የሳበ ሰው ፊልሙን ከቀፎው ይነቅለዋል ወይም ቀዳዳዎቹን ይቀዳል። ከዚያ በኋላ በጨለማ ካልሆነ አይወጣም።

ካሜራውን ገልብጡት። ሆዱ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች። ተጫኗት፤ ጥርሶቹን ትለቃለች። ከዚያ እጀታዋን ዘርግታችሁ ቀስቱ ወዳለበት አዙሩ። ቀስ ብላችሁ። በደረቅ አየር በጥድፊያ የተጠቀለለ ፊልም ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ሱፍ ሹራብ ስናወልቅ ብልጭ እንደሚለው ማለት ነው። ያቺ ብልጭታ ፎቶው ላይ የመብረቅ ቅርንጫፍ ትስላለች።

እያዞራችሁ ጆሯችሁንና ጣታችሁን አዳምጡ። ክብደት አለው፤ ሽር ሽር ይላል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ያዝ ያደርግና ድንገት ይለቃል። ይህ ምላሷ ከዘንጉ የወጣችበት ነው። ሁለት ሦስት ዙር ጨምሩና አቁሙ። እኔ ምላሷን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አስገባታለሁ። ወጥታ ከቀረች ከአዲስ ፊልም ጋር ትምታታለች፤ አንድ ፊልም ላይ ሁለቴ ማንሳት ይመጣል። የእህቴን የምርቃት ፎቶ በላሊበላ ተራሮች ላይ አንስቻለሁ፤ በዚሁ ምክንያት። ያው አርት ነው ብለን አለፍነው።

ከዚያ ብቻ ጀርባው ይከፈታል። በጥላ ሥር። ቀፎው ላይ ቀንና ቦታ ጻፉ።

ጉድ ሲፈላ

ክዳኑ በስህተት ተከፈተ? በፍጥነት ዝጉት። መጮህ በኋላ ይደርሳል። ሁሉም አልጠፋም። ዘንጉ ላይ የተጠቀለለው ፊልም እርስ በርሱ ይጋርዳል፤ ላይኛው ዙር ይቃጠላል፣ ውስጠኛው ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ቀፎው ውስጥ ያለው ጭራሽ አልተነካም። ሁለት ሦስት ጊዜ በባዶ ሳቡና ማንሳት ቀጥሉ።

ፊልሙ ተበጠሰ ወይም አልመለስ አለ? ጨለማ ያስፈልጋል። እውነተኛ ጨለማ። ማታ፣ መስኮት የሌለው ክፍል፣ የበሩ ሥር በፎጣ ተደፍኖ። አምስት ደቂቃ ቁሙ። ዓይናችሁ ለምዶ የእጃችሁን ቅርጽ ካያችሁ ገና አልጨለመም። ስልኩን ከክፍሉ አውጡ። የሚያበራ የእጅ ሰዓት ካለ አውልቁ። ቀይ መብራት ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም፤ እሱ ለጥቁርና ነጭ ማተሚያ ወረቀት እንጂ ለዛሬው ፊልም አይደለም። ፊልሙን በጠርዙ ይዛችሁ አውጡ፣ ጠቅልሉ፣ ጥቁርና ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ክተቱ። በላዩ በፕላስተር አሽጉና «በጨለማ ይከፈት» ብላችሁ ጻፉበት። ካልጻፋችሁ አጣቢው በቅን ልብ ይከፍተዋል።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ ወፍራም ጥቁር ጃኬት ይረዳል። ዚፑን ዝጉ፣ ወገቡንና አንገቱን አጥፉ፣ እጃችሁን በእጅጌዎቹ በኩል አስገቡ፤ ከላዩ ብርድ ልብስ ጣሉበት። ጋቢ አይሆንም። ሞክሬዋለሁ። ይሞቃል እንጂ አይጋርድም።

ባለ ሞተሩ ካሜራ በመሀል ባትሪ ከጨረሰም አትክፈቱ። ባትሪው ብቻውን ይቀየራል። ኬ1000ን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ነገር ልንገራችሁ፦ ብርሃን መለኪያው ማጥፊያ የለውም። ሌንሱ ብርሃን ካየ ባትሪ ይበላል። ማታ የሌንሱን ክዳን ግጠሙለት፤ ማጥፊያው እሱ ነው።

ባለ ወረቀቱ፣ 120

እንደ ያሺካ ማት እና ሮሌይ ያሉ ባለ ሁለት ዓይን ካሜራዎች የሚበሉት 120 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ ያለ ፊልም ነው። ቀፎ የለውም። ከጀርባው በወረቀት ተደግፎ እንደ ክር ጥቅል ላይ ይዞራል። መመለስ የለም፤ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ተጠቅልሎ ያልቃል። ባዶውን ዘንግ አትጣሉ፤ ለሚቀጥለው ተቀባይ ይሆናል።

ማሸጊያዋን ቅደዱ፣ የወረቀቱን ጫፍ ባዶው ዘንግ ስንጥቅ ውስጥ አስገቡ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀስት ከካሜራው ነጥብ ጋር እስኪገጥም አዙሩ፣ ዝጉ፣ እስከ 1 አሳልፉ። ጀርባቸው ላይ ቀይ መስኮት ያላቸው አሮጌዎች ቁጥሩን በመስኮቱ ያሳያሉ። ሁሌም አንድ ጣት ጥቅሉ ላይ ይሁን። ከላላ ብርሃን በጎን ይገባል። ሲያልቅ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉና ያቺን የወረቀት ማሰሪያ እንደ ፖስታ በምራቅ ለጥፉ። ጣዕሙ አይመከርም።

እዚያው የሚያወጡት፦ ኢንስታክስና ፖላሮይድ

ፖላሮይድን የፈጠረው ኤድዊን ላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1947 ነበር ለሕዝብ ያሳየው። ዛሬ በየልደቱና በየሰርጉ የምናየው በብዛት የፉጂፊልም ኢንስታክስ ሚኒ ነው። የሁለቱም አሠራር በመሠረቱ አንድ ነው። ከፎቶው ነጭ ጠርዝ ውስጥ ኬሚካል ያለባት ትንሽ ከረጢት አለች። ፎቶው ሲወጣ ሁለት ሮለሮች ይጨምቋታል፤ ኬሚካሉ በፎቶው ላይ እኩል ይሰራጫል። ከረጢቷን ሳትጎዱ፣ ሮለሮቹን ሳታቆሽሹ ካስገባችሁ ሌላው ይሳካል።

ኢንስታክስ ሚኒ ላይ እንዲህ ነው። ሁለት አዲስ ባትሪ ድንጋይ አስገቡ። የፊልሙን ማሸጊያ ልታስገቡ ስትሉ ብቻ ቅደዱ። ፓኩን፣ ማለትም ፎቶዎቹ ያሉበትን የፕላስቲክ ሳጥን፣ በሁለት ጎኑ ያዙ። ከጀርባው ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ፈጽሞ አትጫኑ፤ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ይጎብጣሉ። ፓኩ ላይ ያለው ቢጫ መስመር ካሜራው ላይ ካለው ቢጫ ጋር ይግጠም። ሳትገፉ ወደ ውስጥ አስቀምጡና ዝጉ። አንድ ጊዜ ስትጫኑ ጥቁር ካርቶን ይወጣል። እሱ ክዳን ነው፤ «ፎቶው ጠቁሮ ወጣ» ብላችሁ አትዘኑ። ብዙ ሰው በዚህ ደንግጦ ጀርባውን ይከፍታል፤ ያኔ ነው በእውነት የሚጠቁረው። ቆጣሪው 10 ይላል። 0 እስኪል ክዳኑ አይነካም።

ፖላሮይድ ትንሽ ይቀብጣል። መጀመሪያ የፊልሙን ዓይነት እዩ። አሮጌው 600 ካሜራ ባትሪውን የሚያገኘው ከፊልሙ ፓክ ነው። አይ-ታይፕ የሚባለው ርካሹ ፊልም ባትሪ የለውም፤ አሮጌው ካሜራ ውስጥ ይገባል እንጂ አይሠራም። ስትገዙ ወይም ስታስልኩ ይሄን ቃል በቃል ተናገሩ። ፓኩ ስምንት ፎቶ ነው ያለው። ሲገባ መሀሉን በጣት አትጫኑ። ክዳኑን ስትዘጉ ጥቁሩ ካርቶን በራሱ ይወጣል። ካልወጣ ባትሪው ሞቷል ወይም ፓኩ አልተቀመጠም።

የፖላሮይድ ፎቶ ከወጣ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ብርሃን ይፈራል። ከካሜራው አፍ የምትዘረጋዋ ጥቁር ሽፋን ለዚያ ናት። ፎቶውን በሽፋኗ ሥር አምስት ሰከንድ ያህል ተዉት፣ ከዚያ ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ወይም ኪስ ውስጥ አስቀምጡ። ባለ ቀለሙ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ኢንስታክስ ይህን ያህል አይሰስትም፤ በ20 ዲግሪ ገደማ በአንድ ደቂቃ ተኩል ይታያል።

እና እባካችሁ አታርገብግቡት። ድሮ ከላዩ የሚላጥ ፎቶ ነበር፤ እርጥብ ስለሆነ ሰው እያወዛወዘ ያደርቀው ነበር። የዛሬው የታሸገ ነው። የሚደርቅ ነገር የለውም። ማወዛወዝና ማጠፍ ውስጥ ያለውን ኬሚካል ያስነጣጥለዋል።

በየፓኩ መጨረሻ ሮለሮቹን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ፎቶዎቻችሁ ላይ በእኩል ርቀት የሚደጋገም ነጥብ ካያችሁ ሮለሩ ላይ የደረቀ ኬሚካል አለ። ልጆች ፎቶውን በመቀስ እንዲቆርጡት አትፍቀዱ። ውስጡ ያለው ኬሚካል ቆዳ ያቃጥላል። ከነካችሁ በብዙ ውሃ ታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ደጋግማችሁ ታጥባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሙቀት፣ ፍሪጅና ቦሌ

ፊልም ሙቀት ጠላቱ ነው። የመኪና ዳሽቦርድ ላይ የዋለ ፊልም ቀለሙ ይዞራል። ቤት ውስጥ ፍሪጅ ጥሩ ነው፤ ግን ሲወጣ ማሸጊያው ሳይከፈት ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ቶሎ ከተከፈተ እንደ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ያልበዋል። 35 ሚሊሜትሩን ፍሪዘር ውስጥም ማቆየት ይቻላል፤ ያኔ የሚቆየው ጊዜ ይረዝማል። ፖላሮይድንና ኢንስታክስን ግን ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱ። ኬሚካሉ በረዶ ከሠራ ያለቀለት ነው።

ፖላሮይድ የሚስማማው ከ13 እስከ 28 ዲግሪ ነው። ጠዋት እንጦጦ ላይ ብታነሱበት ፎቶው ይገረጣል፤ እንደወጣ ጃኬታችሁ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ክተቱት። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላይ ደግሞ ወደ ቢጫና ቀይ ያደላል፤ ካሜራውንም ፎቶውንም ጥላ ሥር አቆዩ። ኢንስታክስ ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ይችላል። ለዚህ አገር ሰርግ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ፊልም በብዛት ከውጭ በዘመድ ነው የሚመጣልን። ስለዚህ ይህን ለአክስቶቻችሁ ንገሩ፦ ሻንጣ ውስጥ አይከተትም። የሚጫነው ሻንጣ የሚያልፍበት ራጅ ኃይለኛ ነው፤ ያልታጠበ ፊልም ያበላሻል። በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ችግሩ አሁን ብዙ አየር ማረፊያዎች ለእጅ ቦርሳም ሲቲ የሚባለውን ማሽን አስገብተዋል፤ ፊልም አምራቾቹም በዚህ ማሽን ምንም ዓይነት ፊልም አታሳልፉ ይላሉ። በአሮጌው ራጅ እስከ 400 ያለ ፊልም አንዴ ሁለቴ ቢያልፍ ብዙም አይታይበትም። ግን ይጠራቀማል። ቦሌ ላይ ደግሞ ፍተሻው ከበሩ ይጀምራል።

ፊልሙን ከሳጥኑ አውጥታችሁ በሚያሳይ ፌስታል ያዙ። ተራችሁ ሳይደርስ አውጡት። «ወንድሜ፣ ይሄ የካሜራ ፊልም ነው፤ ማሽኑ ያቃጥልብኛል። በእጅ ብታይልኝ?» አሜሪካ ውስጥ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሌላ ቦታ እንደ ሰውዬው ነው። አንዴ አክስቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ አምስት ፊልም በእጇ ይዛ ፈታሿን «ልጄ፣ አደራ ነው የያዝኩት» አለቻት፣ በአማርኛ። አለፈች።

ካሜራው ውስጥ ፊልም እያለ መጓዝ ግን ራስን ማስጨነቅ ነው። ፈታሹ «ክፈተው» ካለ ምን ትሉታላችሁ? ጨርሱትና መልሳችሁ ያዙ።

የተነሳ ፊልም ከአዲሱ ይልቅ ቶሎ ያረጃል፤ መሳቢያ ውስጥ ዓመት አታስቀምጡት። ለፎቶ ቤት ስትሰጡ ባለ ቀለም ወይም ጥቁርና ነጭ መሆኑን ለዩላቸው፤ የሚታጠቡበት ኬሚካል ይለያያል። ኔጋቲቩንም፣ ማለትም የታጠበውን ፊልም ራሱን፣ «መልሱልኝ» በሉ፤ ካልጠየቃችሁ አንዳንዱ ቤት ይጥለዋል።